ሽቦው ባጠረ ቁጥር ምጣዱ ለምን ይበልጥ ይግላል? ኦምና ዋትን በቤት ዕቃ ማስላት

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ሲበጠስ በየቤቱ የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። ምጣዱ ይገለበጣል፣ ጀሶው ተፈርፍሮ የተበጠሰው ቦታ ይፈለጋል፣ ሁለቱ ጫፎች በፒንሳ ተስበው ይጠማዘዛሉ፣ ጀሶ ይደረግበታል፣ አለቀ። ምጣዱም ይሠራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ቶሎ ይግላል። "እንደ አዲስ ሆነ እኮ!" ይባላል። ጥቂት ጊዜ ከተጋገረበት በኋላ ግን ወይ እዚያው ቋጠሮው አጠገብ ይበጠሳል፣ ወይ ስፒናው ይጠቁራል፣ ወይ በፊት ያልነበረ አመል መጥቶ ብሬከሩ እየወረደ ያስቸግራል።

ቶሎ መጋሉም፣ ዳግም መበጠሱም፣ የስፒናው መጥቆርም፣ የብሬከሩ መውረድም ከአንድ ስሌት የሚወጡ ናቸው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ቁጥር ባለበት እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚለዋወጥ ሳይለይ ሲቀር ነው።

አራቱ መለኪያዎች

ሶኬት ላይ ያለው ግፊት በቮልት ይለካል፤ በኢትዮጵያ በደንቡ 220 ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት፣ በተለምዶ ከረንት የምንለው፣ በአምፔር ይለካል። ሽቦው ለጅረቱ የሚያሳየው ተቃውሞ ሬዚስታንስ ነው፤ መለኪያው ኦም። ገበያ ላይ የምጣዱን ሽቦ ራሱን "ሬዚስታንስ" ብለን ስለምንጠራው ነገሩ ይደበላለቃል። እዚህ ጽሑፍ ላይ "ሽቦ" ስንል ዕቃውን፣ "ሬዚስታንስ" ስንል በኦም የሚለካውን ጠባዩን ነው። ዋት ደግሞ በየሰከንዱ ስንት ጉልበት ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ይነግረናል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ያገናኘው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ነው፤ ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነበር። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ደግሞ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጅረት እያሳለፈ የውሃውን ሙቀት ለካ። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ያየው ያኔ ነው። ከሁለቱ ሥራ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን እነዚህ አራት መስመሮች ናቸው፦

አምፔር = ቮልት ÷ ኦም
ዋት = ቮልት × አምፔር
ዋት = ቮልት × ቮልት ÷ ኦም
ዋት = አምፔር × አምፔር × ኦም

ሦስተኛውና አራተኛው አዲስ ነገር አይደሉም፤ ሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ከተካችሁበት ራሳቸው ይመጣሉ። ቢሆንም ሁለቱንም ለየብቻ ያዟቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው።

አሁን አንድ ምጣድ እንውሰድ። የቤት ምጣዶች በብዛት ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ናቸው፤ የኛ 3,800 ዋት ይሁን። በሦስተኛው መስመር ስንሄድ ኦሙ 220 × 220 ÷ 3,800 ይሆናል። 220 በ220 ሲባዛ 48,400 ነው፤ ይህችን ቁጥር በቃላችሁ ያዟት፣ በየቦታው ትመጣለች። 48,400 ለ3,800 ሲካፈል 12.74 ኦም። አምፔሩ ደግሞ 220 ÷ 12.74፣ ማለትም 17.3 አካባቢ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ምጣዱ ውስጥ የተቀመጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም 12.74 ኦሙ። ምጣዱ ላይ የተለጠፈው "3,800 ዋት" ሽቦው 220 ቮልት ካገኘ የሚሰጠው ውጤት ነው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ቮልቱ ወደ 190 ይወርዳል እንበል። ኦሙ ያው ነው፤ አምፔሩ 190 ÷ 12.74 = 14.9 ይሆናል፤ ዋቱ 190 × 190 ÷ 12.74 = 2,834። ቮልቱ የቀነሰው በመቶ 14 አካባቢ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ግን በመቶ 25 ወረደ፤ ቮልቱ በራሱ ስለሚባዛ ነው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ የሚቀረው፣ ሊጡ ላይ ምንም ጥፋት ሳይኖር፣ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። "ኃይል ሲወርድ ቢያንስ ቆጣሪው ያርፋል" የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዋቱ ሲያንስ ጋገራው ይረዝማል፣ ምጣዱም በረዘመው ጊዜ ሁሉ ለአየሩ ሙቀት ሲሰጥ ይቆያል።

የሚጣሉ የሚመስሉት ሁለት ቀመሮች

ሦስተኛው መስመር ላይ ኦም አካፋይ ነው፤ ኦም ሲቀንስ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው። አራተኛው ላይ ኦም አባዢ ነው፤ ኦም ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ተማሪን ብቻ ሳይሆን ዓመታት የሠራ ኤሌክትሪሺያንንም አንዳንዴ የሚያሳስተው ይሄ ነው።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥያቄው ሰርኪውቱ ላይ ሳይለወጥ የሚቆየው ምንድን ነው የሚል ነው። ዕቃው ሁለቱን የሶኬት ጫፎች ለብቻው የሚያገናኝ ከሆነ ቮልቱ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ተጠቀሙ፤ ኦም ያነሰው ይበልጥ ይግላል። ሁለት ነገሮች በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ከገቡ ግን በሁለቱም የሚያልፈው አምፔር አንድ ነው፤ ስለዚህ አራተኛውን ተጠቀሙ፤ ኦም የበዛበት ይበልጥ ይግላል።

በሁለት የድሮ ክር አምፖሎች ማየት ይቻላል። ባለ 100 ዋቱ 48,400 ÷ 100 = 484 ኦም፣ ባለ 40 ዋቱ 48,400 ÷ 40 = 1,210 ኦም ነው። ለየብቻ ሲሰኩ ባለ 100ው እንደሚደምቅ ግልጽ ነው። በተከታታይ ካገናኘናቸው ድምሩ 1,694 ኦም፣ አምፔሩ 220 ÷ 1,694 = 0.13 ይሆናል። ባለ 40ው 20 ዋት ያህል ሲያገኝ ባለ 100ው 8 ዋት ብቻ ይደርሰዋል። ደካማው ያበራል፣ ብርቱው ቀልቶ ይቀራል። (በተግባር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ የአምፖል ክር ሳይግል ኦሙ ስለሚያንስ ባለ 100ው ድርሻው ይበልጥ ይቀንሳል።)

ባለ ሁለት ሽቦ ምድጃም ይህንኑ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ሽቦ 48.4 ኦም ቢሆን አንዱ ብቻውን 1,000 ዋት ይሰጣል። ማብሪያው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያገናኛቸው ጅረቱ ሁለት መንገድ ስላገኘ የጋራ ኦማቸው ወደ 24.2 ይወርዳል፤ 2,000 ዋት። ተከታታይ ሲያደርጋቸው 96.8 ኦም፤ 500 ዋት። ሽቦ ሳይጨመር ሳይቀነስ ሦስት ዓይነት እሳት ተገኘ ማለት ነው። እኩል ያልሆኑ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ የጋራ ኦማቸው የሁለቱ ብዜት ለድምራቸው ተካፍሎ ነው። 12.74 ኦሙ ምጣድና 2,000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ፣ ማለትም 24.2 ኦም፣ አብረው ሲሰኩ 308.3 ÷ 36.94 = 8.35 ኦም፤ አምፔሩ 26.4። ቤት ውስጥ ያሉ ሶኬቶች ሁሉ ጎን ለጎን ስለሆኑ ዕቃ በተሰካ ቁጥር የቤቱ ኦም ይቀንሳል፣ አምፔሩ ይጨምራል።

የተቋጠረው ሽቦ

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠሉት ጫፎች ተቆርጠው፣ ለቋጠሮ ጥቂት ተወስዶ፣ በመቶ 10 ያህል አጠረ እንበል። 12.74 ኦም ወደ 11.47 ወረደ። ምጣዱ ሶኬቱ ላይ ለብቻው ስላለ የሚሠራው ሦስተኛው መስመር ነው፦ 48,400 ÷ 11.47 = 4,220 ዋት። አምፔሩም ከ17.3 ወደ 19.2 ወጣ። "እንደ አዲስ ሆነ" ያሰኘው ይሄው ነው፤ ያጠረ ሽቦ በሰፊው ስለሚያሳልፍ ነው የጋለው።

ጉዳቱ ግን ከዚህ ይበልጣል። ሙቀቱ በመቶ 11 ጨመረ፤ ሙቀቱን የሚሸከመው ሽቦ ደግሞ በመቶ 10 አነሰ። በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ላይ የሚያርፈው ጫና ሲሰላ በመቶ 23 ከፍ ብሏል። ሽቦው በተሠራበት ልክ ሳይሆን ከልኩ በላይ እየጋለ ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ቀድሞ የሳሳበት ቦታ ላይ ቶሎ ይበጠሳል። ሲበጠስ ደግሞ ይቋጠራል፣ ደግሞ ያጥራል።

አዲስ ሽቦ ስትገዙ ርዝመቱን በስሌት ማወቅ ይቻላል። የምጣድ ሽቦ በአብዛኛው ኒክሮም የሚባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅልቅል ነው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ወርድ (ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋት) ያለው ኒክሮም 1.1 ኦም ገደማ አለው። ተመሳሳይ መጠን ያለው መዳብ 0.0175 ኦም ብቻ ነው፤ ከስድሳ ጊዜ በላይ ያንሳል፤ መዳብ ለማስተላለፊያ፣ ኒክሮም ለማጋያ የሆነው በዚህ ነው። ዲያሜትሩ 1.2 ሚሊሜትር የሆነ ኒክሮም ወርዱ 0.6 × 0.6 × 3.14 = 1.13 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ 1.1 ÷ 1.13 ሲሆን በሜትር 0.97 ኦም። 12.74 ኦም ለማግኘት 13 ሜትር ያህል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲያሜትሩ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ኒክሮም በሜትር 5.6 ኦም አለው፤ 2 ሜትር ከ27 ሳንቲም ብቻ ቢቆረጥ ያው 12.74 ኦም ይሰጣል። በወረቀት ላይ ዋቱ አንድ ነው፣ አምፔሩ አንድ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነው። ግን 3,800 ዋት ከሽቦው ወጥቶ ወደ ሸክላው መግባት ያለበት በሽቦው ገጽ በኩል ነው። የ13 ሜትሩ ገጽ 490 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የቀጭኑ 36 ብቻ። አሥራ አራት ጊዜ በሚያንስ ገጽ ያንኑ ሙቀት ማውጣት ስለማይችል ሸክላው ሳይሞቅ ሽቦው ይቀልጣል። ስለዚህ ሽቦ ስትለውጡ ኦሙ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። ሌላው የተለመደ ጥፋት የተጠቀለለውን ሽቦ እኩል አለመዘርጋት ነው፤ ጥቅልሎቹ የተጠጋጉበት ቦታ ለብቻው ይግላል፣ እንጀራው እዚያ ጋ ያርራል፣ ሽቦውም የሚበጠሰው እዚያ ነው። ጥቅልሉን መጀመሪያ በቦዩ ርዝመት ልክ መሬት ላይ እኩል ዘርግቶ ከዚያ ማስገባት ይሻላል፤ እየሳቡ ማስገባት መጨረሻው ላይ ወይ ያጥራል ወይ ይተርፋል።

ቋጠሮው፣ ስፒናው፣ ገመዱ

ቋጠሮው ከምጣዱ ሽቦ ጋር በተከታታይ ያለ ነው። ስፒናውም፣ ሶኬቱም፣ ገመዱም፣ የብሬከሩ ብሎንም እንዲሁ። ሁሉም ላይ የሚያልፈው ያው 17.3 አምፔር ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ የሚሠራው አራተኛው መስመር ነው፤ እዚህ ኦም ሲበዛ ሙቀት ይበዛል።

ላላ ያለ የስፒና እግር 0.1 ኦም ቢኖረው? በቴስተር ልታነቡት የማትችሉት ትንሽ ቁጥር ነው። 17.3 × 17.3 × 0.1 = 30 ዋት። የሬዲዮ ጠጋኝ የሚበይድበት ካውያ አንዳንዱ ከዚህ አይበልጥም። ያን ያህል ሙቀት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ሰዓት ሙሉ ሲያርፍ አስቡት። መጀመሪያ ስፒናው በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ቀጥሎ የእግሩ ብርሃን ይጠፋና ይጠቁራል፤ የጠቆረው ብረት ደግሞ ይበልጥ ተቃውሞ አለው፣ ስለዚህ ይበልጥ ይግላል። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ በሙቀት ይዝላል፣ እግሩን አጥብቆ መያዝ ያቆማል፣ ተቃውሞው እንደገና ይጨምራል። በመጨረሻ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። የጠቆረ ስፒና ብቻውን ቀይሮ ሶኬቱን መተው ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው፤ የዛለው ስፕሪንግ አዲሱንም ስፒና ያጠቁረዋል። ሁለቱ አብረው ይለወጡ፣ የገመዱም ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ይቆረጥ።

ሌላም ነገር አለ፦ የቤት ሶኬትና ስፒና በብዛት የተሠሩት ለ16 አምፔር ነው። 16 × 220 = 3,520 ዋት። የኛ ምጣድ ገና ከጅምሩ ከዚህ በላይ ነው።

ገመዱን ደግሞ እንይ። ምጣዱ ሌላ ክፍል ስለሆነ በ10 ሜትር ማከፋፈያ ተሰካ እንበል፤ የገመዱ መዳብ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ጅረቱ ሄዶ ይመለሳልና ርዝመቱ 10 ሳይሆን 20 ሜትር ነው፤ ይህን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። 0.0175 × 20 ÷ 0.75 = 0.467 ኦም። ተከታታይ ስለሆነ ይደመራል፦ 12.74 + 0.467 = 13.21 ኦም። አምፔሩ 16.66፤ ምጣዱ የሚያገኘው ቮልት 212፤ ምጣዱ ላይ የሚወጣው 3,535 ዋት። ገመዱ ላይ የቀረውስ? 16.66 × 16.66 × 0.467፣ 130 ዋት ያህል። በእያንዳንዱ ሜትር 13 ዋት ነው። ገመዱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ለአየሩ እየሰጠ ይንገታገት ይሆናል፤ ተጠቅልሎ ወይም ምንጣፍ ሥር ገብቶ ከሆነ ግን ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። ያንኑ 10 ሜትር በ4 ካሬ ሚሊሜትር ብንስበው 0.0875 ኦም ብቻ ነው፤ በሜትር የሚያርፈው ሙቀት 2.6 ዋት ይሆናል።

ብሬከር ይህን ሁሉ ይከላከላል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ብሬከር የሚያየው አምፔርን ነው፤ የላላ ስፒና ደግሞ አምፔሩን በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ደግሞም "16" የተጻፈበት ብሬከር 16.1 ላይ አይወርድም። በቤት ብሬከሮች ደረጃ መሠረት የተጻፈበትን 1.13 ጊዜ፣ ማለትም 18 አምፔር ገደማ፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይወርድ መሸከም አለበት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ መውረድ ያለበት 1.45 ጊዜ፣ 23 አምፔር ገደማ፣ ሲደርስ ነው። ያልተቋጠረው ምጣድ 17.3 ስለሆነ ያልፋል። የተቋጠረው 19.2 ነው፤ አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ አይወርድም። "ብሬከሩ ተበላሽቷል" ተብሎ በ32 አምፔር የሚተካው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ ግድግዳ ውስጥ ያለው 2.5 ወይም 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ጠባቂ አጣ ማለት ነው፤ ሽቦው ሲቃጠል ብሬከሩ ቆሞ ያያል።

ለ3,800 ዋት ምጣድ ደህናው አሠራር ከብሬከር ሳጥን ለብቻው የተሳበ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ መስመር ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ነው፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ 6 ካሬ ሚሊሜትር። ስፒናና ሶኬት ቀርቶ ሁለቱንም ሽቦ በሚቆርጥ ባለ 32 ወይም 45 አምፔር ማብሪያ በኩል በቀጥታ ይታሰር። የምጣዱ ብረት አካል ከኧርዝ (ከመሬት መስመር) ጋር ይገናኝ። የማሰሪያ ብሎኖቹ ከጥቂት ወር በኋላ፣ መስመሩ ከዋናው ጠፍቶ፣ እንደገና ይጥበቁ፤ መዳብ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከብሎኑ ሥር ይላላል።

ከውጭ የመጣ ዕቃ

ከአሜሪካ የመጣ ማሞቂያ ላይ 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ተጽፎ ካያችሁ ኦሙን አውጡ፦ 120 × 120 ÷ 1,500 = 9.6። አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ 48,400 ÷ 9.6 = 5,040 ዋት ይሆናል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ስፒና መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። በተቃራኒው የኛን ምጣድ ዋሽንግተን ወስዶ ግድግዳው ላይ ባለው ተራ የ120 ሶኬት ቢሰኩት 14,400 ÷ 12.74 = 1,130 ዋት ብቻ ነው፤ ለብ ይላል እንጂ አይጋግርም። ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የሚመጣው 230 ቮልት የተጻፈበት ግን አያሳስብም፤ 2,000 ዋት የተባለው እዚህ 1,830 ይሰጣል።

መለካት

ቁጥሩን ከወረቀት ሳይሆን ከዕቃው ማግኘት ሲያስፈልግ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። ምጣዱ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ይላቀቅ፤ ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፣ ኦም ሲለካ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ መለኪያው ይቃጠላል፣ እናንተም ላይ አደጋ ይደርሳል። ምጣዱ ይቀዝቅዝ። መለኪያውን 200 ኦም ላይ አድርጉና መጀመሪያ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች አነካኩ፤ 0.3 ወይም 0.4 ያሳያል፤ ይህ የራሱ የመለኪያው ገመድ ስለሆነ በኋላ ይቀነሳል። ከዚያ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ለኩ። ኒክሮም ሲግል ኦሙ በመቶ ከ3 እስከ 6 ይጨምራልና ያገኛችሁትን በ1.04 አባዙት። ንባቡ በየጊዜው የሚዘል ከሆነ የላላ ቦታ አለ፤ ገመዱን እያወዛወዛችሁ የትኛው ጋ እንደሚዘል ፈልጉ።

ቀጥሎ መለኪያውን ወደ ከፍተኛው ኦም አውጥታችሁ በአንዱ እግርና በምጣዱ ብረት መካከል ለኩ። ምንም ባያሳይ ጥሩ ነው። 22 ሺህ ኦም ቢያሳይ ግን 220 ÷ 22,000 = 0.01 አምፔር በሚነካው ሰው በኩል መንገድ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ እጅን ከያዘው ነገር ማላቀቅ የሚያቅትበት ደረጃ አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያልደረቀ ጀሶ ወይም እርጥበት የጠጣ ሸክላ ነው። አዲስ ጀሶ የተደረገበት ምጣድ ፀሐይ ላይ ቀናት ሳይውል አይሰካ። ይህ ፍተሻ ሙሉ ዋስትና እንዳይመስላችሁ፤ መልቲሜትሩ የሚገፋው በጥቂት ቮልት ስለሆነ በ220 የሚገለጥ ሾልኮታ ሊያመልጠው ይችላል። ሲነዝር የነበረ ምጣድ በሜገር፣ ማለትም ሾልኮታን በከፍተኛ ቮልት በሚፈትሽ መለኪያ፣ መለካት አለበት።

ይህ ስሌት የሚያገለግለው ለሚያግሉ ሽቦዎች ነው፦ ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለውሃ ማፍያ፣ ለካውያ። የፍሪጅ ሞተር ጫፎች ላይ 10 ኦም ብታነቡ 48,400 ÷ 10 = 4,840 ዋት ይበላል ማለት አይደለም፤ ሞተር ሲዞር ጅረቱን የሚገታው ከሽቦው ኦም ይልቅ ማግኔቱ ነው። ኤልኢዲ አምፖልም ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ስለሆነ የሚነበበው ኦም ምንም አይነግርም። የድሮው 60 ዋት አምፖል እንኳ ሲበራ 807 ኦም የሚሆነው ጠፍቶ ሲለካ ከዚያ አንድ አሥረኛውን ወይም ያነሰ ያሳያል።

እንግዲህ አንድ "ቶሎ የሚግል" ምጣድ ቀርቦላችሁ 11.2 አነበባችሁ እንበል። የመለኪያው ገመድ 0.4 ሲቀነስ 10.8። በ1.04 ሲባዛ 11.23። 48,400 ÷ 11.23 = 4,310 ዋት፣ 19.6 አምፔር። ምጣዱ ላይ የተለጠፈው 3,800 ከሆነ መኖር የነበረበት 12.74 ነው፤ ከሽቦው በመቶ 12 ያህሉ ጠፍቷል። ጀሶው ሲከፈት አንድ ወይም ሁለት ቋጠሮ ይገኝበታል። ሌላ ቋጠሮ አይጨመርበት፤ ሽቦው ሙሉ ለሙሉ ወጥቶ በአዲስ 12.2 ኦም ይለወጥ፤ ሲግል ራሱ 12.7 ይደርሳል።